የአክስቴ ግድግዳና የእኛ ግድግዳ

ላገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ አክስቴ በእናቴ በር መጣች። በዚያ በር ከገባች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር። የእኛ ቤትና የእሷ ቤት ያሉት በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። ስታስል እንሰማታለን፤ ስንስቅ ትሰማናለች። ግን እሷና እናቴ፣ የአንድ እናት ልጆች ሆነው፣ አይነጋገሩም ነበር።

«ለመቀመጥ አልመጣሁም» አለች፣ ደጃፉ ላይ እንደ ቆመች። «ስለ ልጅቷ ነው።»

እናቴ ከምትለቅመው ምስር ላይ ቀና አላለችም። «ስለ ልጅቷ ምን?»

«ሸራ አጣችሁ አሉ። ዳስ ካልተጣለ ሰዉን የት ልታስቀምጡት ነው? ይህ ግድግዳ ይፍረስና ሳሎኑ እንደ ጥንቱ አንድ ይሁን። ልጄን በግማሽ ቤት አልድርም።»

«ልጄ» የምትለው እኔን ነው። የራሷ ልጅ አልነበራትም። ያደግሁት በእሷ ጀርባ ላይ ስለሆነ በአገራችን ለታላቅ የሚሰጠውን አንቱታ ለእሷ ሰጥቼ አላውቅም። ሸራውም እውነት ነበር። የሰባዎቹ መጨረሻ ነበርና ከከተማው ሸራ የሚባል ሁሉ ለሠራዊቱ ሄዷል፤ የጥር ብርድ ደግሞ ሰው ሜዳ ላይ አያስቀምጥም።

እናቴ ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አውርዳ ግድግዳውን አየችው። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር።

«ይፍረስ» አለች። ከዚያ ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ቤቱን የሠሩት የእናቴ አባት ናቸው። ረዥም የቆርቆሮ ቤት ነው፤ በሁለቱ ጫፍ መኝታ ክፍሎች፣ በመካከሉ ሰፊ ሳሎን። አያቴ ሲሞቱ ሁለቱ እህትማማቾች ከነባሎቻቸው አንዷ በምሥራቁ አንዷ በምዕራቡ ጫፍ ሆነው ሳሎኑን በጋራ ያዙት። በልጅነቴ የማስታውሰው ቤት ያ ነው። ሁለቱ ወንዶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤ ሁለቱ ሴቶች በአንድ መደብ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ጥጥ ይፈትላሉ። እኔ በፈለግሁት ጫፍ እተኛለሁ።

ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመት ቆይቶ አባቴ ታሰሩ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ስለ አንድ የታሰሩ ዳኛ «እኒያ ሰው በደል የለባቸውም» ማለታቸው ተሰምቶ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተጋለጡ። ያን ጊዜ የአክስቴ ባል የቀበሌው ኮሚቴ አባል ነበሩ፤ ከፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ «ለዚህ ሰው የሚመሰክር አለ?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ሆና የእህቷን ባል ጀርባ ታይ ነበር። እሳቸው ቀና አላሉም፤ አንዲት ቃልም አልተነፈሱም። አባቴን በመጡበት ልብስ ወሰዷቸው።

እናቴ ያንን ጀርባ አልረሳችውም። አባቴ ገና እስር ቤት ሳሉ ሰው ቀጥራ ሳሎኑን ለሁለት አስከፈለችው። እንጨት አስተከለች፣ ማገር አስማገረች፣ ጭድ የገባበት ጭቃ አስቦክታ አስመረገች። ግድግዳው እያደገ ሲሄድ አክስቴ በወዲያኛው በኩል ቆማ ትለምናት ነበር፤ መጀመሪያ ሙሉ ቁመቷ ይታየኝ ነበር፣ ቀጥሎ ከደረቷ በላይ፣ ቀጥሎ ድምፅዋ ብቻ ቀረ። አባቴ ተፈትተው ሲመጡ ግድግዳው ደርቆ አገኙት። በመዳፋቸው ደባበሱት። ይጮኻሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡና ውኃ ጠየቁ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። እኔ በየበዓሉ ወደ አክስቴ እሄዳለሁ፤ እናቴ አትከለክለኝም፤ ስመለስ ግን ምንም አትጠይቀኝም። የአክስቴ ባል በደረት በሽታ ሲሞቱ እናቴ ቀብር ወጣች፣ ደረቷን እየመታች አለቀሰች፣ ለቅሶ ቤትም ተቀመጠች። ሁሉ ሲያበቃ ግን እህቷን ሳታቅፍ በራሷ በር ገባች።

መምህርት ሆኜ የተቀጠርኩ ጊዜ የእኛን ወገን ቀለም አስቀባሁት። እስከዚያ ድረስ በኖራ ነበር የሚቀባው፤ ሰው ጀርባውን ባስደገፈ ቁጥር ልብሱ ላይ ይቀራል። ቀለሙን ያመጣሁት ከባሕር ዳር ነው። ጣሳው ላይ የፀሐይ ሥዕልና «ቤዥ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። እናቴ ስሙን መጥራት አቅቷት «ይኼ ቡላ ነው፣ የአባቴ በቅሎ መልክ» አለች። ከዚያ በኋላ በቤታችን ቡላ ተብሎ ቀረ።

አክስቴ ያን ሰሞን ስሄድ ጠየቀችኝ። «ምን ቀለም ቀባችሁት?»

«ቤዥ ይባላል።»

«ቤዥ» አለች፣ እንዳይጠፋባት እየደጋገመች። በዓመቱ አዲስ አበባ በሚመላለስ ነጋዴ አስመጥታ እሷም የራሷን ወገን አስቀባች። ጣሳው ላይ ያለው ሥዕል አበባ ነበር፤ ፋብሪካው ሌላ ነው፤ ስሙ ግን ያው ቤዥ። ሳየው የእኛ ቁርጥ መሰለኝና ይህንኑ ነገርኳት። ደስ አላት። የእሷ መስኮቶች የጠዋት ፀሐይ ይገባባቸዋል፣ የእኛዎቹ የከሰዓት። አንዱን ቤት ትቼ ሌላው እስክገባ ዓይኔ የቀድሞውን መልክ ይረሳዋል መሰለኝ፤ በዚያ ሁሉ ምልልስ ልዩነቱን አላየሁትም።

ግድግዳው የፈረሰው በቅዳሜ ቀን ነው። ጎረቤቶች ዶማና አካፋ ይዘው መጡ። ከላይ ጀምረው ሲያወርዱት ጭዱ ገና ቢጫ እንደሆነ ከጭቃው መሀል ይወጣ ነበር። አቧራው እስኪረግፍ ሁላችንም ውጭ ቆምን። ተመልሰን ስንገባ ሳሎኑ ከማስታውሰው በላይ ሰፊ ነበር፤ ከምሥራቅ መስኮት የገባው ብርሃን እስከ እኛ መደብ ድረስ ይደርሳል። ሁለቱ ቀለሞችም ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገብ ለአጠገብ ታዩ።

አይመሳሰሉም ነበር። የእኛው ወደ ቀይ ያደላል፣ የተጠበሰ የስንዴ ቂጣ ጀርባ ይመስላል። የአክስቴ ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል፣ ያልደረቀ የገብስ አገዳ ዓይነት። በመካከላቸው ከወለል እስከ ኮርኒስ ግድግዳው የነበረበት ቦታ እንደ ጠባሳ ጥሬ ጭቃውን አውጥቶ ቆሟል።

«አንድ ነው ብለሽኝ ነበር» አለች አክስቴ። ቅር ያላት አትመስልም፤ የገረማት ትመስላለች።

«ስሙ አንድ ነው» አልኩ።

እናቴ ጭቃውን እየጠራረገች «በዚህ ሁኔታ ሰው አይገባበትም» አለች። «የሙሽራ ቤት ቡራቡሬ አይሆንም።»

ከሁለቱም ግድግዳ የቀለም ቅርፊት ፍቄ በመሐረብ ቋጥሬ ገበያ ወረድኩ። ባለ ሱቁ ያለው ቀለም ለመሥሪያ ቤቶች የሚቀባው አረንጓዴ ብቻ ነበር። ቅርፊቶቹን በመዳፉ ይዞ አያቸውና «እህቴ፣ በዚህ ጊዜ ቀለም መምረጥ ቅንጦት ነው» ብሎ መለሰልኝ።

እጮኛዬ ያን ጊዜ ጋሳይ ያስተምር ነበር። ሊጠይቀኝ ሲመጣ ነገሩን ስነግረው ሳቀ፤ እኔ ግን እንዳልሳቅሁ ሲያይ መሐረቡን ተቀበለኝ። በወረታ አድርጎ ባሕር ዳር ወረደ። የቀለም ሱቆቹን ሁሉ ዞሮ፣ ጣሳ አልከፍትም የሚለውን ባለ ሱቅ ለምኖ፣ ክዳኑ ላይ የተንጠባጠበችውን ጠብታ ከቅርፊቶቹ ጋር ውጭ አውጥቶ እያስተያየ ሦስተኛ ቤዥ ይዞልን መጣ። ይህኛው ከሁለቱም የነጣ ነበር። «ሱቁ ውስጥ የናንተን ይመስል ነበር» አለ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ። «ደጅ ሳወጣው የአክስትሽን መሰለ። እዚህ ስደርስ ደግሞ ይኼው፣ ማንንም አይመስልም።»

ሌላ ቀለም የማግኘት ተስፋ ስላልነበረን ይህንኑ ማስተካከል ጀመርን። ቀይ አፈር ፈጭተን በነጠላ ነፋነው፤ ከወንዝ ዳር ቢጫ አፈር አመጣን። እሱ በማንኪያ እየጨመረ ያማስላል፣ እኔ ጣውላ ላይ እቀባለሁ፣ ፀሐይ ላይ እናደርቃለን። ያን ጊዜ ነው የቀለምን ጠባይ ያወቅሁት። እርጥብ ሳለ «አገኘነው!» ብለን የተጨባበጥንበት፣ ሲደርቅ ጠቁሮ ሌላ ነገር ይሆናል። እጮኛዬ አፍንጫው ላይ ቀለም ለጥፎ ጣውላውን እያዘነበለ ሲመለከት ሳየው፣ ከዚህ ሰው ጋር መኖር እንደምችል በልቤ አረጋገጥሁ። ብዙ ከሞከርን በኋላ ቀይ አፈር የገባበት ወደ እኛ ወገን፣ ቢጫ አፈር የገባበት ወደ አክስቴ ወገን ቀርቦ መጣ። ግን ቀለሙ ለሁሉ አይበቃም። የሚበቃው ጠባሳውንና ከሁለቱ ወገን አንዱን ለመሸፈን ነው።

ጣውላዎቹን ከጠባሳው ግራና ቀኝ አቁመን ሁለቱን ሴቶች ጠራናቸው። አባቴ ደጃፉ ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። የትኛው ወገን ይሸፈን የሚለው ጥያቄ ቀላል መስሎኝ ነበር። ባለማስተዋሌ ነው እንጂ ቀላል አልነበረም።

«የሷ ይቀባ» አለች እናቴ ወዲያውኑ።

«ለምን የእኔ?» አለች አክስቴ። «እናንተን መስዬ ነው የቀባሁት። አልሆነልኝም እንጂ እናንተን መስዬ ነው። አሁን ደግሞ እኔው ልጥፋ?»

«የሚጠፋው ቀለሙ ነው፣ አንቺ አይደለሽም።»

«ቀለሙን አይደለም የምትጠይው። እሱን ነው። ሞቶ እንኳ አልማርሽውም።»

እናቴ ፊቷ ተለወጠ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያልተናገረችው ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ። «ምን ብዬ ልማረው፣ እትዬ? ባልሽን ሲወስዱት ዝም ብለሽ እዪ ብትባዪ ምን ትይ ነበር? የልጄን አባት በፊቱ ሲወስዷቸው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዝም አለ። አንድ ቃል! አንድ ቃል ቢናገር ምን ነበረበት? ዝም ያለ ሰው ግድግዳ ከእኔ ግድግዳ ጋር አንድ መልክ አይኖረውም።»

አባቴ ከበርጩማው ላይ ተነሡ። ወደ ውስጥ ገብተው ባዶው ሳሎን መሀል ቆሙ። ያን ያህል ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

«ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

እናቴ ያልሰማች መሰለች። «ምን?»

«ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን በጓሮ በኩል መጣ። ነገ ስምህ እንደሚነሣ ሰምቻለሁ፣ ተነሥቼ እመሰክርልሃለሁ አለኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አንተ ከተናገርህ ሁለታችንንም ነው የሚወስዱን፤ ሁለት ሴትና አንዲት ሕፃን ማን ያያቸዋል አልኩት። አይሆንም፣ ዝም ብዬማ አላይም አለ። በታቦት አስማልኩት። ለሚስቱም እንዳይናገር አስማልኩት፤ ወሬ ከቤት ከወጣ ከእስረኛ ጋር መከረ ተብሎ እሱም እንዳይወሰድ ብዬ ነው።»

እጮኛዬ የቀለም ማማሰያውን እንደያዘ ቀስ ብሎ ወደ ደጅ ወጣ።

አክስቴ እዚያው ወለሉ ላይ፣ በፈረሰው ጭቃ ትርፍራፊ ላይ ተቀመጠች። «ፈሪ ብዬዋለሁ» አለች። ለማንም አልነበረም የምትናገረው። «እህቴን ያሳጣኸኝ አንተ ነህ፣ ፈሪ ነህ ብዬዋለሁ። ስንት ጊዜ። አንገቱን ደፍቶ ይሰማኝና ‹ልክ ነሽ› ይለኝ ነበር። ልክ ነሽ ይለኝ ነበር እኮ!»

አጠገቧ ተቀምጬ ትከሻዋን ያዝኩ። አላለቀሰችም። እጇን ጭቃው ላይ ታሽ ነበር።

እናቴ ግን አባቴን እያየች ነበር። ባሏን እድሜዋን በሙሉ አንቱ ስትል ነው የኖረችው፤ እኔም ከዚያ ሌላ ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ተለወጠ።

«አንተ» አለቻቸው። «አንተ ይህን እያወቅህ ነው እዚህ ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር የበላኸው? አንተ እስር ቤት ሳለህ እሱ ጤፍ ጭኖ በር ላይ ቆሞ ነበር። ‹ያንተን ጤፍ ልጄ አትበላም› ብዬ መለስኩት። ከነአህያው መለስኩት። እሱ እያወቀ፣ አንተ እያወቅህ፣ እኔን ብቻ ሞኝ አድርጋችሁ አኖራችሁኝ?»

አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተመልሰው ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ከባድ ሆነ። ሠርጉ እየቀረበ ነው፤ ጠላው ተጠምቋል፤ በርበሬው ተደልዟል፤ ሴቶቹ እየገቡ እየወጡ ያግዛሉ፤ እናቴና አባቴ ግን አይነጋገሩም። እናቴ ምግባቸውን ታቀርብላቸዋለች፤ ከፊታቸው ስታስቀምጠው ፊቷን ታዞራለች። ሠርጌን ልተወው ይሆን ብዬ እስከማሰብ ደርሼ ነበር።

አንድ ከሰዓት አባቴን ጓሮ አገኘኋቸውና የምፈራውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ ከእስር ሲፈቱ ለምን አልተናገሩም?»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«መጀመሪያ ፈርቼ ነው» አሉ። «እሱ ያን ጊዜም ኮሚቴ ነበር። ወሬው ቢወጣ ይጎዳል። ኋላ ኮሚቴው ተለወጠ፤ ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ዛሬ እናገራለሁ ስል ነገ ሆነ። ደግሞ እናትሽ ... በእኔ ምክንያት ነበር የተቆጣችው። ሰው ስለኔ ያን ያህል ሲቆጣልኝ አይቼ አላውቅም። ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ። ይህን ደግሞ ለማን እናገራለሁ?» ከዚያም ጨመሩ፤ «እሱ ሲሞት ጨርሶ መናገር አቃተኝ። መሐላ ይዞኝ ሳይሆን፣ ሰውዬው ከሞተ በኋላ ጀግና ነበር ማለት ምን ይጠቅመዋል አልኩ።»

ይህን መልስ ለብዙ ዓመታት አስቤበታለሁ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። የአክስቴን ባል ነፍስ አድነው ይሆናል፤ ሁለት ቤት እንዳይፈርስ አድርገውም ይሆናል። ግን የአንድ ቀን ዝምታ ያስፈለገበት ምክንያት ካለፈ በኋላ ዝምታው ብቻውን መኖር እንደሚቀጥል፣ ሰው እንደሚበላም፣ እሳቸው የተረዱት ዘግይተው ነው። እኔ ደግሞ ለባሌ አንድ ነገር ልሰውር ባሰብኩ ቁጥር የአክስቴ ባል «ልክ ነሽ» ሲሉ ይሰማኛል። ሁልጊዜ ተናግሬአለሁ ማለቴ አይደለም። ግን ይሰማኛል።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳሎኑ ውስጥ የቀለም ሽታ አለ። እናቴ አሮጌ ቀሚሷን ታጥቃ፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ አውርዳ፣ ብሩሽ ይዛ በርጩማ ላይ ቆማለች። የምትቀባው የራሳችንን ወገን ነበር። ከአጠገቧ ያለው ጣሳ ቢጫ አፈር የገባበት፣ የአክስቴን መልክ የያዘው ነው። መምህርት በሆንኩ ጊዜ ያስቀባሁት ቀይ ቀይ የሚለው ቡላ ግማሹ ጠፍቷል።

በዚህ መሀል አክስቴ ከክፍሏ ወጣች። አየቻት፤ ወደ ጣሳው አየች፤ መልሳ እህቷን አየች።

«ተዪ እንጂ» አለች። «የልጅቷን ቀለም ለምን ታጠፊዋለሽ?»

«ልጅቷ ልትሄድ አይደል» አለች እናቴ፣ ሳትዞር። «እዚህ የምንቀረው እኔና አንቺ ነን።»

አክስቴ ነጠላዋን አውልቃ መስኮቱ ላይ ሰቀለችና «ታችኛውን ስጪኝ፣ እኔ በርጩማ ላይ አልወጣም» አለች። ጠባሳውን ቁመቷ እስከ ደረሰበት እሷ ቀባችው። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ የሚሰማኝ የብሩሹ ድምፅና «እዚህ ጋ ዘለልሽው»፣ «ይኸ ወፈረ፣ ውኃ ጨምሪበት» የሚል ቃል ብቻ ነበር። ስለ ሟቹ አላወሩም። እኔ ያለሁ አልመሰላቸውም፤ ቀስ ብዬ ወጣሁና እጮኛዬን ፍለጋ ሄድኩ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ሁለቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በአንድ ጥላ ሥር፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አየሁ። ከቅዳሴ በኋላ ወደ አክስቴ ባል መቃብር ሄዱ። እናቴ በአንድ ቄስ ፍትሐት አስደረሰች። አክስቴ ኋላ እንደነገረችኝ፣ እናቴ መቃብሩ ላይ ያለውን ሣር በእጇ ነቅላ ካጸዳች በኋላ «ጤፉን ብቀበልህ ኖሮ» ብላ ሌላ ቃል ሳትጨምር ተነሣች።

ሠርጉ ደረሰ። ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞላ። ከጋሳይ በኩል የመጡት የሙሽራው ወገኖች ከጠባሳው ወዲህ፣ የእኛ ሰዎች ከወዲያ ተቀመጡ፤ ጠላው ሲዞር ግን ተደባለቁ። ቀለሙ ሲደርቅ እንደ ፈራነው ከአክስቴ ወገን ጥቂት ደመቅ ብሎ ቀርቷል። ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው ቤቱ አሁንም ሁለት መልክ ነበረው። የባሌ አያት ከመደባቸው ላይ ሆነው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ሲያዩት ቆዩና «ይህ ቤት ሁለት ቀለም ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

«አንድ ቀለም ነው፣ እማማ» አለች እናቴ ወጡን እየጨለፈችላቸው። «ፋብሪካው ነው የተለያየው።»

አክስቴ ከእልፍኙ በር ላይ ሰምታ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር።

ከባሌ ጋር ጋሳይ ገባን። በሰላም መንገድ መሄድ አስቸጋሪ እየሆነ የመጣበት ጊዜ ስለነበር ወላጆቼን ቶሎ ቶሎ ማየት አልቻልኩም። ለፋሲካ ሾልኬ ስመጣ አባቴን ደጃፉ ላይ፣ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አገኘኋቸው። ስሜአቸው ተቀመጥኩ።

«ለምን ውጭ ተቀመጡ፣ አባባ? ነፋስ ነው እኮ።»

«ውስጥ ምን ይሰማል ብለሽ!» አሉ። «እናትሽና አክስትሽ ከጠዋት ጀምረው ነው። ማን ምን ቀሚስ ለብሶ እንደነበር፣ የትኛዋ ላም በየትኛው ክረምት እንደ ወለደች ... የአባታቸው በቅሎ እንኳ አልቀረችም። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትቀጥላለች።»

ያማርሩ ይመስላል፤ ግን ሬዲዮውን ከፍ ለማድረግ አልሞከሩም። በውስጥ በኩል እናቴ «ኧረ አንተ፣ ማን መጣ?» ብላ ጠራቻቸው። አንቱታው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። እናቴ ሙሉ በሙሉ ይቅር አለቻቸው ብዬ አላምንም። አንዳንድ ቀን ድንገት ዝም ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ምክንያቱን አውቀው ዝም ይላሉ። ግን «አንተ» ስትላቸው ፊታቸውን አይቼዋለሁ። ቅር ብሏቸው አያውቅም።

«ልጅሽ ናት» ብለው መለሱላት። ሁለቱም ሴቶች በአንድ ጊዜ «የኔ ልጅ!» እያሉ ወጡ።